በሣጥን ስለ ተቀመጠ ጨርቅና ስለ መፈጸም

ቆጣቢነት መልካም ጠባይ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ የጀመሩትን መፈጸምም እንደዚሁ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ጠባዮች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ ተጣልተው ይገኛሉ። የሚቆጥበው እጅ መቀሱን ይፈራል፤ የሚፈጽመው እጅ ደግሞ የተቆጠበውን ሳይቈርጥ ሥራውን ሊያደርስ አይችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ለብዙ ዘመን ተጠብቆ ሲኖር፥ ጠባቂው ታማኝ ነው ወይስ ፈሪ? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይፈጸም የተቀመጠ ነገር የሌለበት ቤት ጥቂት ነውና ብዙውን ሰው ይነካል።

ነገሩ እንዲገለጥ ምሳሌ ማቅረብ ይሻላል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ያገኘው ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ቦታ ነው፤ ሌጋሲዮኑ ዛሬ ኤምባሲ ቢባልም ሠፈሩ የቀድሞውን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል። በላዩ ያለው ተራራ ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከተራራው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች የዚያን አገር ብርድ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ በዚህ ሠፈር ጋቢና ብርድ ልብስ ጌጥ አይደለም።

በዚሁ ሠፈር አንዲት ባልቴት አለች ይባል። ከእናቷ የወረሰችው የእንጨት ሣጥን አላት። በውስጡም የእናቷ ቀሚስ ጥለት አለ፤ አባቷ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ በዱር ሳለ የለበሰው የካኪ እጀ ጠባብ አለ፤ በሕፃንነቱ የሞተው ወንድሟ የክርስትና ልብስ አለ፤ አቡጀዲም፥ ጥቂት ከፋይም አለ። እናቲቱ ከዚህ ሁሉ የሚበዛውን በአራት ማዕዘን ቈርጣ፥ የአልጋ ልብስ ልታደርገው አስባ፥ ሃያ ያህሉን ገጣጥማ ሰፋች። ከዚያ ዐይኗ ደከመና ተወችው፤ ዕድሜዋም ሳያደርሳት ቀረ። መርፌው ከነክሩ በመጨረሻው ቁራጭ ላይ እንደ ተሰካ ዝጎ፥ በጨርቁ ላይ ትንሽ ነጥብ አሳርፎበታል። ልጇም በተራዋ የሟች ባሏን ጋቢ ጨመረችበት እንጂ በመርፌው አንድ ስፌት አልሰፋችም። መስከረም ሲጠባ ሣጥኑን ትከፍታለች፤ ጨርቁን ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ታለቅሳለች፤ በነበረው እጥፋት መልሳ ታጥፋ ትዘጋዋለች። ይህ አርባ ዓመት ሆነው።

ከእርሷ ጋር የምታድረው የልጅ ልጇ አንድ ቀን፥ «እማማ፥ ይህ መቼ ያልቃል?» ብላ ጠየቀቻት። ባልቴቲቱም፥ «ይቆይ ልጄ፤ ምን አስቸኮለሽ?» ብላ መለሰች። በዚያች ሌሊት ልጅቱ በሳሳ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፥ ከተዘጋው ሣጥን አጠገብ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አደረች።

በማግሥቱ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ነገሩ ይነሣል፤ ሦስት ዐይነት ምክርም ይመጣል። አንደኛዋ፥ «የሙት አደራ አይነካም፤ ባለበት ይኑር» ትላለች። ሁለተኛዋ፥ «ይህ ድሪቶ ነው፤ ከመርካቶ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቶ ይህን መጣል ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ፥ «የተጀመረ ነውና ይፈጸም» ትላለች። ሦስቱም ለባልቴቲቱ አዝነው የተናገሩት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሊመረመር ይገባዋል።

አይነካም የሚለው ምክር ክብደት የሌለው አይደለም። ሰው ሳይነካ ሊጠብቀው የሚገባ ልብስ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፥ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሙዚየም የንጉሡና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት ተጠብቀው ይታያሉ። ያን ልብስ ቈርጦ ብርድ ልብስ ይሥራ የሚል ሰው አይገኝም። ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ያ ልብስ አስቀድሞ ሥራውን ፈጽሟል፤ ተሰፍቶ ተለብሷል። ዛሬም ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሊያየው የሚመጣ ሁሉ ያለፈውን ዘመን ይማርበታል። የባልቴቲቱ ሣጥን ግን ከእርሷ በቀር የሚያየው የለም። ይልቁንም በውስጡ ያለው ነገር ልብስ መሆኑ ቀርቷል፤ ሌላ ልብስም ገና አልሆነም። እናቲቱ በመቀስ ስትቈርጠው ስለ አንድ ነገር ብላ ቈርጣዋለች። እንግዲህ ለልጇ የተወችላት አደራ ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ያሰበችውም ሐሳብ ነው። ጨርቁን ጠብቆ ሐሳቡን መተው የአደራውን ግማሽ መብላት ይሆናል።

ደግሞም ማስቀመጥ ሁልጊዜ መጠበቅ አይደለም። የሱፉን ብል ይበላዋል፤ የጥጡን ሻጋታ ያበላሸዋል፤ ሁለቱም ባይደርሱበት እንኳ ጨርቅ በአንድ እጥፋት ብዙ ዘመን ሲቆይ፥ ክሩ በታጠፈበት መሥመር ላይ እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ሲዘረጉት እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ስለዚህ ልብስ የሚያውቁ ሰዎች በየጊዜው እጥፋቱን ይለውጣሉ። ባልቴቲቱ ግን ከፍቅር የተነሣ፥ እናቷ እንዳጠፈችው በዚያው መሥመር ታጥፈዋለች፤ ያች የምትወዳት እጥፋትም ጨርቁን ትቈርጠዋለች። መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ ከጌታው ገንዘብ አንዳች አላጐደለም፤ የተነቀፈውም ስላጠፋው ሳይሆን ስለ ቀበረው ነው። የእርሱ መክሊት ግን ብር ነበርና ሳይጐድል ወጣ፤ ጨርቅ የቀበረ ሰው ያንኑ ያኽል መልሶ አያገኝም።

ሁለተኛው ምክር ከኀፍረት የመጣ ነው። ድሪቶ የሚባለው ደረተ ከሚለው ቃል ነው፤ እራፊ በእራፊ ላይ እየጣፉ መደራረብ ማለት ነው። በአገራችን ድሪቶ ለብሶ የሚታይ ሁለት ዐይነት ሰው ነው፤ አንዱ ሌላ የሌለው ድኻ፥ ሁለተኛው ዓለምን የናቀ ባሕታዊ። ስለዚህ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ልብስ በአልጋ ላይ ሲዘረጋ ሰው ድኽነትን ያነብበታል። ነገር ግን እራፊ በራሱ ውርደትም ትሕትናም አለመሆኑን ታሪክ ያስረዳል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማ ጦርነት፥ የድርቡሽ ሠራዊት የሚለብሰው እራፊ የተጣፈበት ጅባ ነበር። ያ ጅባ መጀመሪያ ዓለምን የመናቅ ምልክት ነበረ፤ በኋላ ግን እራፊው ከአዲስ ባለ ቀለም ጨርቅ እየተቈረጠ፥ በቀኝና በግራ እየተስተካከለ የሚሰፋ የወታደር መለዮ ሆነ፤ የአለቆቹም ከጭፍራው ይልቅ ያማረ ነበር። ያልተቀደደ ልብስ ሲጣፍ እራፊው ጌጥ እንጂ ትሕትና አይደለም። በሌላ ወገን የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው፥ ከዚያው ከሳሪው ዳርና ዳር ክር እየመዘዙ፥ ካንታ የሚባል የተጠለፈ ድርብ ልብስ ይሠራሉ። ይህም ከችግር የተወለደ የቤት ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ከእርሱ ያማረው በሙዚየም ተቀምጦ ይታያል። እንግዲህ ሰው በጨርቁ ማርጀት ሊያፍር አይገባም፤ የሚያስከብረውና የሚያሳፍረው የተሠራበት ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛይቱ ጎረቤት በአንድ ነገር እውነት አላት። ልጅቱ ዛሬ ማታ በርዷታል። የተጀመረው የአልጋ ልብስ እስኪያልቅ ብዙ ወር ይፈጃልና፥ የሚቻል ከሆነ ዛሬውኑ ከመርካቶ ብርድ ልብስ ይገዛላት። የቅርብ ሰው ብርድ የሩቅ ሐሳብ እስኪፈጸም አይጠብቅም። ነገር ግን የተገዛው ብርድ ልብስ የልጅቱን ብርድ እንጂ የሣጥኑን ጥያቄ አይመልስም፤ ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ይኖራልና።

የቀረው ሦስተኛው ምክር ነው። ይፈጸም ማለት ቀላል ነው፤ የሌላውን ሥራ ለመፈጸም መብት ያለው ማን ነው? የሚለው ግን ይከብዳል። በአማርኛ መጣፍ የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው በሕዝብ አነጋገር መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሁለተኛው እራፊ መስፋት ማለት ነው። ሁለቱ በድምፅ ብቻ አይደለም የሚገናኙት። የጥንት የብራና መጻሕፍትን የመረመረ ሰው በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ የሁለትና የሦስት ጸሓፊ እጅ ያገኛል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨርሶታል፤ የቀለሙ ጥቁረትና የፊደሉ አጣጣል ይለያል፤ ንባቡ ግን ይቀጥላል። ሁለተኛው ጸሓፊ የፊተኛውን ጽሕፈት ፍቆ በራሱ እጅ አልጻፈም፤ ካቆመበት ተነሣ እንጂ። የመጽሐፉን ገበታ ገልጦ በውስጥ በኩል የተመለከተ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ደጓሹ ቆዳውን ወደ ውስጥ አጥፎ ከለጠፈ በኋላ በመካከል በቀረው ባዶ ቦታ ላይ የሐር፥ የግምጃ ወይም ባለ አበባ የጥጥ ቁራጭ የተለጠፈበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ጨርቅ ነበርና ቁራጩ እንኳ አልተጣለም፤ ነገር ግን በሣጥን አልቀረም፤ ሰው ወንጌል በገለጠ ቍጥር የሚታይበት ስፍራ አገኘ። ቁራጭን ማክበር ማለት ይህ ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ ሥራ ውስጥ ማግባት።

እንግዲህ ፈጻሚው የጀማሪውን ሥራ አይሰርቅም፤ ጀማሪውም ስላልፈጸመ አይናቅም። ለመፈጸም መብት ያለው የጀመረውን ሰው ሐሳብ የሚያውቅና በእጁ የሚገኝ ነው። ባልቴቲቱ ሁለቱንም አላት። ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ምን ከለከላት?

ስንፍና ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ በየዓመቱ ጨርቅ አውጥቶ ማናፈስና ማልቀስ የሰነፍ ሥራ አይደለም። የከለከላት ነገር በአንድ የአማርኛ ቃል ውስጥ ይገኛል። ሥራ ሲፈጸም አለቀ ይባላል፤ ልብስ ተለብሶ ሲበጣጠስም አለቀ ይባላል፤ ሕዝብ በቸነፈር ሲጠፋም አለቀ ይባላል። ልጅቱ፥ «መቼ ያልቃል?» ስትል የጠየቀችው የመጀመሪያውን ነው፤ አያቲቱ ግን ሦስቱንም ሰማች። መርፌው በተሰካበት እስከ ቆየ ድረስ እናቲቱ ሥራዋን ለአንድ አፍታ ትታ ወደ ጓዳ የሄደች ትመስላለች፤ ተመልሳም የምትቀጥለው ይመስላል። ልጇ መርፌውን ነቅላ የራሷን ስፌት በሰፋች ጊዜ ግን እናቷ እንደማትመለስ በገዛ እጇ ትመሰክራለች። ያልተፈጸመ ሥራ ለኀዘንተኛ እንደ ተከፈተ በር ነው፤ በሩን መዝጋት ያስፈራል። ይህ ፍርሃት ከፍቅር የተወለደ ስለ ሆነ ሊዘበትበት አይገባም። ቢሆንም ፍርሃት ነው፤ በእርሱ የተነሣም ሕያዪቱ ልጅ በሟቿ ስፍራ ትበርዳለች።

ይህን ፍርሃት ድል የነሣች ሴት በሩቅ አገር ነበረች። በአሜሪካ፥ በአላባማ ክፍል፥ ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። በ1942 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ ባሏ በእርሻ ሲሠራ የለበሰውን ያረጀ ልብስ ሁሉ ሰብስባ፥ ልጇ እየረዳቻት፥ ቈርጣ አንድ የአልጋ ልብስ አድርጋ ሰፋችው። የሱሪው ጉልበት የነጣው እንደ ነጣ፥ ኪሱ የነበረበት ስፍራም ቀለሙ እንደ ደመቀ ገባበት። ልጇ በኋላ እንደ ተናገረችው፥ እናቲቱ ይህን ያደረገችው ባሏን ልታስታውስበትና ልትለብሰው ብላ ነው። የዚያች መንደር ሴቶች ሥራ በ2002 በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታይቶ ብዙ ምስጋና አገኘ፤ ነገር ግን ምስጋናው ከመምጣቱ ስድሳ ዓመት አስቀድሞ ሥራው በዚያ ቤት ተፈጽሞ ነበር። ያች ሴት መታሰቢያና መልበስ የሚጣሉ ነገሮች እንዳልሆኑ አውቃለች። በሣጥን ያለ ጨርቅ በዓመት አንድ ቀን ያስታውሳል፤ የሚለብሱት ግን በየሌሊቱ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው፤ በዚህም መርፌና ክር ራሳቸው ያስተምራሉ። አዲስ ጨርቅ በአሮጌው ላይ የሚጥፍ ሰው አሮጌውን እንደሚያስቀድደው በወንጌል ምሳሌ ተነግሯል፤ ሰፊዎችም ምክንያቱን ያውቁታል፤ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰብና ደካማውን ይጎትተዋል። ስለዚህ ባልቴቲቱ ለገበሩ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አዲስ ጨርቅ ብትገዛ፥ አስቀድማ አጥባ ማድረቅ አለባት፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ከመገናኘቱ በፊት መሰብሰብ ያለበትን ያኽል ይሰብሰብ። ክሩም ከጨርቁ የበረታ አይሁን፤ የበረታ ክር ሲሳብ ጨርቁን ይቈርጠዋል፤ ከጨርቁ የደከመ ክር ግን ራሱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ክርም መልሶ ይሰፋል። ሰው የሙታንን ሥራ ሲፈጽም እንዲሁ ነው፤ የራሱን ጽኑ ፈቃድ አስገብቶ የእነርሱን ደካማ ነገር እንዳይቀድድ ይጠንቀቅ።

የእናቲቱ ስፌት ዐይኗ በደከመ ጊዜ እየሰፋ፥ እየተጣመመ ሄዷል። ልጇ ያን ፈትታ በቀጥታ ልትሰፋው ይቃጣት ይሆናል። ነገር ግን መፈጸም ሌላ ነው፥ ማረም ሌላ ነው። የተጣመመው ስፌት እናቲቱ እስከ መጨረሻው እንደ ደከመች የሚመሰክር ጽሕፈት ነው፤ ቢፈታ ምስክሩ ይጠፋል። የዝገቱም ነጥብ ይቅር፤ እርሱም ከወዴት እንደ ተነሡ ያሳያል። የሕፃኑ የክርስትና ልብስ ደግሞ ትንሽ ነውና፥ ሳይቈረጥ እንዳለ በመካከሉ ቢሰፋ ሥራው አይበላሽም። ፈጽሙ ማለት ሁሉን ቈራርጡ ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችል ሴት ብትኖር፥ ዐይኗ ወይም እጇ እምቢ ቢላት፥ አትፈረድባትም። የእርሷ እናት በእርግጥ በዚሁ ምክንያት አቁማለች። ግን የማይችል ሰው ሥራውን ለሚችል ማስተላለፍ ይችላል፤ መርፌውን ለልጅ ልጇ ሰጥታ አጠገቧ ተቀምጣ፥ ይህ ካኪ የማን እንደ ነበረ፥ ይህ ጥለት በየትኛው በዓል እንደ ተለበሰ ብትነግራት፥ ግማሹ ሥራ ተፈጸመ። በሣጥን ውስጥ ያለ ጨርቅ የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፥ ያ ሰው በሞተ ቀን ጨርቁ እውነተኛ ቡቱቶ ይሆናል። በአንጻሩ፥ የበሰበሰውን ለድኻ ሰጥቶ ምጽዋት አደረግሁ ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ለሰው የሚሰጠው የሚያሞቀው ነው።

በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ፥ መበለቶች እያለቀሱ በጴጥሮስ ፊት ያቀረቡት ለእነርሱ የሠራችላቸውን ልብስ ነው፤ በቤቷ ያስቀመጠችውን ያልተሰፋ ጨርቅ ያቀረበ አልነበረም። ጨርቅ ኖሯት ይሆናል፤ ለልቅሶ ምስክር የሚሆን ግን የተፈጸመው ነው።

እንግዲህ ባልቴቲቱ በመጨረሻ ሥራውን ፈጸመችው ይባል። የአልጋው ልብስ በልጅቱ ላይ ይዘረጋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ከካኪውና ከጥለቱ፥ ከጋቢውና ከአቡጀዲው ይጋጫል። በእውነትም ማለቅ ይጀምራል፤ ይታጠባል፤ ቀለሙ ይለቅቃል፤ የልጅቱ እግር አንዱን ማዕዘን ይቀድደዋል። ሆኖም በዚያች ቀን ልጅቱ ስፌት ታውቃለች። ያረጀ የተማሪ ቤት ልብሷን አንሥታ፥ ከእርሱ አንድ ቁራጭ ቈርጣ፥ አጥባ አድርቃ በተቀደደው ላይ ትጥፍበታለች። ሣጥን ያለው ሰው ሁሉ ይህን አስቦ፥ ዕድሜና ዐይን ሳሉለት ሣጥኑን ይክፈት።